ስምና ይዘት፦ የአሜሪካ የጤና ሽፋን ክርክር ለሰበካ ጉባኤያት የሚሰጠው ትምህርት

መግቢያ

በሀገራችን አንድ ልጅ ብዙውን ጊዜ ከአንድ በላይ ስም አለው። ወላጆቹ በቤት የሚጠሩት ስም አለ፤ ወንድ ከሆነ በአርባ፣ ሴት ከሆነች በሰማንያ ቀን ሲጠመቁ የሚሰየም የክርስትና ስም አለ፤ ጎረቤት በፍቅር ያወጣለት ስምም ይኖራል። ስሙ ቢበዛም ልጁ ያው አንድ ልጅ ነው። በአንዱ ስሙ የሚወደው፣ በሌላው ስሙ ግን የሚጠላው ወላጅ አይገኝም።

በሕዝብ ጉዳይ ግን እንዲህ ያለው ነገር ይደርሳል። አንድ ሕግ ሁለት ስም ወጥቶለት፣ በአንደኛው ስም ሲጠየቁ የደገፉት ሰዎች በሁለተኛው ስም ሲጠየቁ የተቃወሙበት ጊዜ አለ። ይህ ጎልቶ የታየው በአሜሪካ ሲሆን ጉዳዩም ሁሉን አቀፍ የጤና ሽፋን ነው። ክርክሩ ከ75 ዓመታት በላይ ቆይቷል። በብዙ አጥቢያዎቻችን በዚያች ሀገር የሚኖሩ ልጆች ያሏቸው ቤተሰቦች ስላሉም «ኦባማ ኬር» የሚለው ቃል ከጆሯችን የራቀ አይደለም።

የዚህ ጥናት ዓላማ በባዕድ ሀገር ፖለቲካ ገብቶ ፍርድ መስጠት አይደለም። በእኛም ሀገር የጤና መድን ለምእመናን በሚገለጽበት ጊዜ ካህናትና የሰበካ ጉባኤ አባላት ብዙ ጊዜ ይጠየቃሉ። አንድ ቤተሰብ አባል ለመሆን ወይም ላለመሆን የሚወስነው ነገሩን በሰማበት ስም ብቻ ከሆነ፣ ሕመም በመጣ ጊዜ የሚጎዳው ያ ቤተሰብ ነው። ስለዚህ ስምን ከይዘት ለይቶ ማየትን ከሌሎች ልምድ እንማር። ስለ ውጭ ሀገር የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስተውል።

፩. ሁሉን አቀፍ የጤና ሽፋን ሲባል ምን ማለት ነው?

ሁሉን አቀፍ የጤና ሽፋን ማለት እያንዳንዱ ሰው የሚያስፈልገውን ሕክምና፣ በሚያስፈልገው ጊዜ፣ በወጪው ምክንያት ወደ ድህነት ሳይወድቅ ማግኘት መቻሉ ነው። ይህ ግብ ነው እንጂ የአንድ አሠራር ስም አይደለም። ወደዚህ ግብ የሚያደርሱት መንገዶች ብዙ ናቸው።

ጀርመን እ.ኤ.አ. በ1883 በቢስማርክ ዘመን ባወጣችው ሕግ ሠራተኛውና አሠሪው በየድርሻቸው የሚያዋጡበትን የሕመም መድን መሠረተች። ብሪታንያ በሐምሌ 5 ቀን 1948 የጀመረችው ብሔራዊ የጤና አገልግሎት በአብዛኛው ከግብር በሚሰበሰብ ገንዘብ የሚተዳደር ሲሆን፣ ሆስፒታሎቹም የመንግሥት ሆኑ። በካናዳ ደግሞ ሐኪሞቹ በአብዛኛው በግላቸው እየሠሩ ክፍያውን የየክፍለ ሀገሩ መንግሥት ይሸፍናል፤ ይህንንም በ1962 ቀድማ የጀመረችው የሳስካችዋን ክፍለ ሀገር ናት። እነዚህ ሦስት ሀገሮች በአሠራር ይለያያሉ፤ ሦስቱም ግን ግባቸው ሁሉን አቀፍ ሽፋን ነው።

እንግዲህ «ሁሉን አቀፍ» የሚለው ቃል ብቻውን ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ፣ ሐኪሙ የማን ተቀጣሪ እንደሆነ፣ ምን ዓይነት ሕክምና እንደሚሸፈን አይናገርም። ቃሉ ዝም ባለበት ቦታ ደጋፊውም ተቃዋሚውም የየራሱን ስም ያስገባል። የአሜሪካ ክርክር ታሪክም በአብዛኛው የዚህ ታሪክ ነው።

፪. «ሶሻሊስታዊ ሕክምና» የሚለው ስም

ፕሬዚዳንት ሃሪ ትሩማን በኅዳር 19 ቀን 1945 ለሀገሪቱ ምክር ቤት በላኩት መልእክት ብሔራዊ የጤና መድን እንዲቋቋም ጠየቁ። በሐሳባቸው መሠረት ሕዝቡ በመዋጮ ይሳተፋል፤ ታማሚው ሐኪሙንና ሆስፒታሉን ራሱ ይመርጣል። ትሩማን ይህ «ሶሻሊስታዊ ሕክምና» እንዳልሆነ በመልእክታቸው ውስጥ ቀድመው ማስረዳት አስፈልጓቸው ነበር፤ ስሙ ቀድሞ ይነገር ነበርና።

የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር ሐሳቡን አጥብቆ ተቃወመ። ትሩማን በ1948 ከተመረጡ በኋላ ማኅበሩ ከእያንዳንዱ አባል 25 ዶላር እንዲዋጣ አድርጎ ዊተከርና ባክስተር የተባለውን የምርጫ ዘመቻ ድርጅት ቀጠረ። ድርጅቱ የመድኑን ዝርዝር አንድ በአንድ እያነሣ ከመሟገት ይልቅ ለሁለቱ ወገኖች ስም ማውጣትን መረጠ። የመንግሥቱ ሐሳብ «ሶሻሊስታዊ ሕክምና» ተባለ፤ የግል መድን ደግሞ «የፈቃደኝነት መንገድ» ተብሎ እርሱም የአሜሪካ መንገድ እንደሆነ ተሰበከ። አንድ ሐኪም በታመመ ሕፃን አልጋ አጠገብ ተቀምጦ የሚያሳይ የታወቀ ሥዕል፣ ፖለቲካ ከዚህ ሥዕል ውስጥ እንዳይገባ ከሚል ማሳሰቢያ ጋር ታትሞ በየሐኪሙ ቤት እንዲሰቀል ተሰራጨ። ከሶቪየት ኅብረት ጋር የነበረው ፍጥጫ በበረታበት በዚያ ዘመን የተለጠፈው ስም ብቻውን ብዙ ሰው ለማስፈራት በቂ ነበር። የትሩማን ሐሳብም ሕግ ሳይሆን ቀረ።

እኛም በዘመነ ደርግ «ሶሻሊዝም» በሚለው ስም የሆነውን የምናስታውስ ሕዝብ ነን። አንድ ቃል ከሰው ትዝታ ጋር ተያይዞ ምን ያህል እንደሚከብድ ለእኛ ማስረዳት አያስፈልግም። ነገር ግን ቃሉ መክበዱ ነገሩ በእርግጥ ያ መሆኑን አያረጋግጥም። በትሩማን ሐሳብ ውስጥ ሐኪሞች የመንግሥት ተቀጣሪ እንዲሆኑ የሚያዝ ነገር አልነበረም።

ተመሳሳዩ ስም በ1961 እንደገና ተነሣ። ያን ጊዜ የፊልም ተዋናይ የነበሩት ሮናልድ ሬገን ለሐኪሞች ማኅበር በሸክላ በተቀረጸ ንግግር ለአረጋውያን የታሰበውን የሆስፒታል መድን «ሶሻሊስታዊ ሕክምና» ሲሉ ተቃወሙ። የሐኪሞች ሚስቶችም ጎረቤቶቻቸውን ቡና እየጋበዙ ሸክላውን አሰሙ። ሕጉ ግን በሐምሌ 30 ቀን 1965 ጸደቀ። ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ትሩማን በሚኖሩባት በኢንዲፔንደንስ ከተማ ተገኝተው ፈረሙት፤ የመጀመሪያውንም የአባልነት ካርድ ለትሩማን ሰጡ። «ሜዲኬር» የተባለው ይህ መድን ዕድሜያቸው 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎችን የሚያቅፍ ሲሆን፣ ከጊዜ በኋላ ሕዝቡ አጥብቆ ከሚደግፋቸው የመንግሥት አገልግሎቶች አንዱ ሆነ። ያስፈራው የነበረው ነገር ሰዎች ሲጠቀሙበት አላስፈራቸውም።

፫. አንድ ሕግ በሁለት ስም

ፕሬዚዳንት ባራክ ኦባማ በመጋቢት 23 ቀን 2010 የፈረሙት ሕግ በመዝገብ ስሙ ሕክምናን ለሕዝቡ አቅም ተመጣጣኝ የማድረግ ሕግ የሚል ትርጉም ያለው ነው። ተቃዋሚዎቹ ግን «ኦባማ ኬር» ብለው ሰየሙት፤ ሕጉን ሳይሆን ሰውየውን እንዲያስታውስ ነበር። በኋላ ኦባማ ራሳቸው ስሙን ተቀብለው ተጠቀሙበት፤ ስሙም ጸና።

የሕጉ ይዘት በአጭሩ ይህ ነው። የመድን ድርጅቶች አንድን ሰው ቀድሞ ታምሟል ብለው እንዳይመልሱት ከለከለ፤ ልጆች እስከ 26 ዓመታቸው በወላጆቻቸው መድን እንዲቆዩ ፈቀደ፤ ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ ሰዎች የመድን ክፍያ ድጎማ ሰጠ፤ «ሜዲኬይድ» የተባለውን የድሆች ሽፋን አሰፋ፤ መድን ያልገባ ሰው መቀጮ እንዲከፍልም ደነገገ። የግል መድን ድርጅቶች ግን በሥራቸው ቀጠሉ።

በ2013 ሲ.ኤን.ቢ.ሲ. የተባለው የቴሌቪዥን ጣቢያ ባስጠናው የሕዝብ አስተያየት ለአንዱ ቡድን ስለ «ኦባማ ኬር»፣ ለሌላው ቡድን በመዝገብ ስሙ ስለ ሕጉ ጥያቄ ቀረበለት። በኦባማ ስም የተጠየቁት 46 በመቶው ሲቃወሙ፣ በመዝገብ ስሙ የተጠየቁት ተቃዋሚዎች 37 በመቶ ነበሩ። ደግሞም በኦባማ ስም የደገፉት 29 በመቶ ሲሆኑ በመዝገብ ስሙ የደገፉት 22 በመቶ ብቻ ነበሩ። የሰውየው ስም ወዳጅንም ጠላትንም አበዛ ማለት ነው። ሌላው ቁጥር ይበልጥ ያሳስባል፤ በመዝገብ ስሙ ከተጠየቁት 30 በመቶው ሕጉን አላውቀውም ብለዋል። በ2017 መጀመሪያ የወጣ ሌላ ጥናትም ከአሜሪካውያን አንድ ሦስተኛ የሚሆኑት ሁለቱ ስሞች የአንድ ሕግ ስሞች መሆናቸውን እንደማያውቁ አሳይቷል። በዚያው ዓመት የሀገሪቱ ምክር ቤት ሕጉን ይሻር ወይስ ይቆይ በሚል ይከራከር ነበር። ሕጉ ይሻር ብለው ከሚጮኹት መካከል በዚያው ሕግ የሚታከሙ ሰዎችም ነበሩ።

የኬንታኪ ግዛት ታሪክ ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። የግዛቱ አስተዳዳሪ ስቲቭ ቢሺር ሕጉን በሥራ ላይ ሲያውሉ ሕዝቡ መድን የሚገዛበትን የመመዝገቢያ አገልግሎት «ከኔክት» ብለው ሰየሙት፤ ስሙ የግዛቱን ስም የሚያስታውስ እንጂ የፕሬዚዳንቱን አልነበረም። በ2014 በግዛቱ በተደረገ የሕዝብ አስተያየት ጥናት ስለ «ኦባማ ኬር» መጥፎ አስተያየት የሰጡት 57 በመቶ ሲሆኑ፣ ስለ «ከኔክት» መጥፎ አስተያየት የነበራቸው 22 በመቶ ብቻ ነበሩ። «ከኔክት» ግን የዚያው ሕግ አንድ አካል ነበር።

፬. መቀጮ ወይስ ግብር?

የስም ነገር እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሷል። ጤነኞች እየቀሩ በሽተኞች ብቻ መድን የሚገቡ ከሆነ ገንዘቡ ስለማይበቃ፣ ሕጉ መድን ያልገባውን ሰው ክፍያ ጠይቆ ነበር። የሕጉ ጽሑፍ ይህን ክፍያ «መቀጮ» ብሎ ጠራው። ኦባማም ቀደም ሲል ግብር አይደለም ብለው ነበር፤ ግብር ጨመረ መባል በየትኛውም ሀገር ለመሪ ከባድ ነውና። በሰኔ 28 ቀን 2012 ግን ፍርድ ቤቱ 5 ለ4 በሆነ ድምፅ ክፍያው ምክር ቤቱ ግብር ለመጣል ባለው ሥልጣን ሊጸና ይችላል ሲል ወሰነ። ግብር አይደለም የተባለው ክፍያ፣ ሕጉ የዳነው እንደ ግብር በመታየቱ ሆነ። በ2017 የወጣ የግብር ሕግ ደግሞ ክፍያውን ከ2019 ጀምሮ ወደ ዜሮ አወረደው።

በ2009 የበጋ ወራት ደግሞ ከሁሉ የከፋው ስም ወጣ። በረቂቁ ውስጥ አንድ አንቀጽ ነበር፤ አረጋውያን ወደ ሕይወታቸው ፍጻሜ ሲቀርቡ ምን ዓይነት ሕክምና እንደሚፈልጉ ከሐኪማቸው ጋር በፈቃዳቸው ቢመካከሩ ለምክክሩ ሜዲኬር እንዲከፍል የሚል ነው። የቀድሞዋ የአላስካ አስተዳዳሪ ሣራ ፔሊን ግን ረቂቁ ማን እንደሚኖርና ማን እንደሚሞት የሚወስን የመንግሥት ጉባኤ ያቋቁማል የሚል ትርጉም ያለው ስም አወጡ። እንዲህ ያለ ጉባኤ በረቂቁ ውስጥ አልነበረም። ቢሆንም ወሬው አረጋውያንን አስጨነቀ፤ አንቀጹም ከሕጉ ወጣ። ከእርሱ ጋር ሊጠቅማቸው ይችል የነበረው ምክክርም ለዚያ ጊዜ ቀረባቸው። የሐሰት ስም የሚያስከፍለው ዋጋ ይህን ይመስላል፤ የሚከፍለውም ስሙን ያወጣው ሰው አይደለም።

፭. መልካም ስምም ይሸፍናል

እስከዚህ ድረስ ያየነው ተቃዋሚዎች ያወጧቸውን ስሞች በመሆኑ፣ አንባቢ ጥፋቱ የአንድ ወገን ብቻ ነው ብሎ እንዳይደመድም የሌላውንም ማየት ይገባል። ደጋፊዎችም ስም ያወጣሉ።

የቬርሞንቱ ሴናተር በርኒ ሳንደርስ በ2017 ያቀረቡት ረቂቅ «ሜዲኬር ለሁሉም» ይባላል። ስሙ ሕዝቡ ከሚወደው ከሜዲኬር የተወሰደ ነው። ይሁን እንጂ ረቂቁ ያለውን ሜዲኬር እንዳለ ለሁሉም የሚያዳርስ አልነበረም። በሜዲኬር ውስጥ ታማሚው የሚያዋጣው ድርሻ አለ፤ የግል መድን ድርጅቶችም ይሳተፋሉ። ረቂቁ ግን የታማሚውን ድርሻ ከሞላ ጎደል አስቀርቶ የግል መድንን በአብዛኛው በመንግሥት መድን የሚተካ ነበር። ይህ መልካም ነው የሚል ሰው ይኖራል፤ አይደለም የሚልም ይኖራል። ስሙ ግን ይህን ልዩነት አይናገርም።

ካይዘር ፋሚሊ ፋውንዴሽን የተባለ የጤና ፖሊሲ ጥናት ድርጅት በጥር 2019 ባደረገው ጥናት ከተጠየቁት 56 በመቶው ሐሳቡን ደገፉ። የጤና መድንን ለሁሉም መብት ያደርጋል ሲባሉ ድጋፉ ወደ 71 በመቶ ወጣ። ብዙ ሰው ተጨማሪ ግብር እንዲከፍል ያደርጋል ሲባሉ ወደ 37 በመቶ ወረደ። አንዳንድ ሕክምናዎችን ያዘገያል ሲባሉም 26 በመቶ ብቻ ቀረ። የተጠየቁት ሰዎች እነዚያው ናቸው፤ ሐሳቡም ያው ነው። የተለወጠው ከስሙ ቀጥሎ የተነገራቸው ነገር ነው። የግብርና የወረፋ ጥያቄ የሚያነሣ ሰው ተታሏል ማለት አይቻልም፤ ጥያቄው እውነተኛ ነው፤ እውነተኛ መልስም ይገባዋል። መልካም ስም ይህን ጥያቄ ሸፍኖ ቢያሳልፍ፣ ጥያቄው በኋላ እንደ ቅሬታ ሆኖ ይመለሳል።

፮. ወደ አጥቢያችን ስንመለስ

በሀገራችን ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ተጀምሮ ወደ ሌሎች ወረዳዎች ተስፋፍቷል። የአርሶ አደሩንና ቋሚ ደመወዝ የሌለውን ቤተሰብ የሚያቅፍ ነው። ስለ ደመወዝተኞች ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 690/2002 የወጣው «ማኅበራዊ የጤና መድን» አለ። በአሜሪካ አንድ ነገር ሁለት ስም ይዞ ሕዝቡ ሁለት መሰለው፤ በእኛ ዘንድ ሁለት ነገሮች ተቀራራቢ ስም ይዘው አንድ ሊመስሉ ይችላሉ። ከደመወዝ ስለሚቆረጥ መዋጮ የተሰማ ወሬ፣ ደመወዝ የሌለውን ገበሬ እንዲያመነታ ሊያደርገው አይገባም።

በተጨማሪም እኛ ራሳችን ለማስረዳት ስንል ስም እናወጣለን። ከእነዚህ ሦስቱን እንመርምር።

የመጀመሪያው «እንደ ዕድር ነው» የሚለው ነው። ብዙዎች አንድ ላይ አዋጥተው ችግር ለገጠመው መድረሳቸውን ስለሚያስረዳ ጠቃሚ ንጽጽር ነው። ነገር ግን ዕድር በአባላቱ እጅ ነው፤ ዳኛውንና ጸሐፊውን ራሳቸው ይመርጣሉ፤ ገንዘቡንም በዓይናቸው ያያሉ። የጤና መድን ግን በጤና ጣቢያው ውስጥ መድኃኒትና ባለሙያ መኖሩን ይጠይቃል። «እንደ ዕድር ነው» ተብሎ የገባ አባል መድኃኒት የለም ተብሎ ሲመለስ የሚያዝነው በመድኑ ብቻ አይደለም፤ በነገረው ሰውም ነው።

ሁለተኛው «ነጻ ሕክምና» የሚለው ነው። ይህ ስም ፈጽሞ ትክክል አይደለም። አባሉ በየዓመቱ መዋጮ ይከፍላል፤ ሲታከም የማይከፍለው ቀድሞ ስለ ከፈለ ነው። «ነጻ» የተባለ ሰው በሁለተኛው ዓመት ዕድሳት ሲጠየቅ እንደ ተታለለ ይቆጥረዋል።

ሦስተኛው «መድን» የሚለው ቃል ራሱ ነው። በከተማ ያለ ሰው የመኪና መድንን ያስባል፤ በገጠር ያለ ሰው ደግሞ የሚጠይቀው «በዓመቱ ውስጥ ባልታመም ገንዘቤ ይመለስልኛል ወይ?» ብሎ ነው። መልሱ አይመለስም ነው፤ ያልታመመው ሰው ገንዘብ የታመመውን ጎረቤቱን አሳክሟል። ይህ መልስ በግልጽ ከተነገረ ሕዝባችን የሚገባው መልስ ነው። የማይቀበለው ሳይነገረው ቀርቶ በኋላ ሲያውቀው ነው።

፯. ለማንኛውም የጤና ሐሳብ የሚቀርቡ አምስት ጥያቄዎች

የሰበካ ጉባኤ ስለ ጤና ሽፋን ለምእመናን ከመናገሩ በፊት የሚከተሉትን ጥያቄዎች ከወረዳው የጤና መድን ጽሕፈት ቤት ጋር ተነጋግሮ መልሳቸውን በጽሑፍ ቢይዝ ይመከራል።

1. ማንን ያቅፋል? በማኅበረሰብ አቀፉ መድን አባልነቱ በቤተሰብ ነው እንጂ በግለሰብ አይደለም። ዕድሜያቸው ከፍ ያሉ ልጆችና አብረው የሚኖሩ ዘመዶች እንዴት እንደሚታዩ ይጠየቅ። መክፈል የማይችሉ ቤተሰቦች ተመርጠው መዋጯቸው በመንግሥት የሚሸፈንበት አሠራርም ስላለ፣ ምርጫው መቼና በማን እንደሚካሄድ ይታወቅ።

2. ምን ይሸፍናል፣ ምን አይሸፍንም? ተመላላሽና ተኝቶ መታከም፣ ምርመራና መድኃኒት እንዴት እንደሚሸፈኑ ይገለጽ። የማይሸፈኑት ደግሞ ከሚሸፈኑት እኩል በግልጽ ይነገሩ። ሕክምናው ከጤና ጣቢያ ጀምሮ በሪፈር ወደ ሆስፒታል የሚያልፍ መሆኑ አስቀድሞ ካልተነገረ፣ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል የሄደ አባል ያልጠበቀው ወጪ ይገጥመዋል።

3. ማን፣ ስንት፣ መቼ ይከፍላል? መጠኑ ከቦታ ቦታና ከዓመት ዓመት ስለሚለያይ በሰሚ ሰሚ አይነገር። የምዝገባውና የዕድሳቱ ጊዜ ከመኸር መሰብሰብ ጋር ይገጥም እንደሆነም ይጣራ።

4. ማን ያስተዳድረዋል፣ ቅሬታስ ለማን ይቀርባል? መድኃኒት ያጣ ወይም የተመናጨቀ አባል ወደ ማን እንደሚሄድ ካላወቀ በሚቀጥለው ዓመት አያድስም።

5. ከአሁኑ ምን ይለወጣል? አባል የሆነ ሰው ምን ያገኛል፣ ምንስ ግዴታ ይገባል? አባል ያልሆነውስ ሲታመም ምን ይጠብቀዋል?

አሜሪካውያን ለአሥርተ ዓመታት በስም ሲከራከሩ እነዚህ አምስቱ ጥያቄዎች ብዙ ጊዜ ሳይመለሱ ቀርተዋል። በ2023 በዚያች ባለጸጋ ሀገር መድን የሌላቸው ሰዎች ወደ 26 ሚሊዮን የሚጠጉ ነበሩ። በ2010 ከነበሩት በእጅጉ ያነሱ ቢሆንም ብዙ ናቸው።

፰. የካህናት ድርሻ

ካህን የአንድ የፖለቲካ ወገን ስም ተሸካሚ መሆን አይገባውም። በዐውደ ምሕረት ላይ የተነገረ ስም ከወረዳ ስብሰባ ከተነገረ ስም ይልቅ ይከብዳልና። አንድ አገልግሎት የአንድ ባለሥልጣን ወይም የአንድ ፓርቲ ስጦታ ተደርጎ ከተነገረ፣ ያን ባለሥልጣን የማይወድ ምእመን ከሕክምናውም ይርቃል። በአሜሪካ የሆነው ይኸው ነው። ስለዚህ ካህኑ ስለ አገልግሎቱ ሲናገር ስለ ታማሚውና ስለ ቤተሰቡ ይናገር፤ ዝርዝሩን የጤና ባለሙያው ያስረዳ፤ ያልተረጋገጠ ነገር ሲጠየቅ ጠይቄ እመልሳለሁ ማለት ነውር አይደለም። እንደ ሞት ጉባኤው ያለ አስፈሪ ወሬ በአጥቢያው ሲወራም ዝም ማለት አይገባም፤ ወሬው ከየትኛው የመመሪያ ክፍል እንደ ተነሣ ፈልጎ እውነቱን ማሳየት ይሻላል።

ቤተ ክርስቲያን በዚህ ጉዳይ እንግዳ አይደለችም። ቅዱስ ባስልዮስ በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን በቂሣርያ ለሕሙማንና ለመንገደኞች ማረፊያና ሕክምና የሚሰጥ ቤት ሠርቷል። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10 የተነገረውንም ደጉን ሳምራዊ እናስብ። የቆሰለውን ሰው ወገን አልጠየቀም፤ ቁስሉን አሰረለት፤ ወደ እንግዶች ማረፊያ ወሰደው፤ ለባለቤቱ ሁለት ዲናር አስቀድሞ ሰጠ፤ ከዚያ በላይ ቢወጣ ሲመለስ እንደሚከፍል ቃል ገባ። ርዳታው ማን እንደሚታከም፣ ስንት እንደሚከፈል፣ ማን እንደሚከፍልና የቀረው መቼ እንደሚከፈል የታወቀበት ነበር። ሳምራዊ የሚለው ስም በዚያ ዘመን በአይሁድ ዘንድ የተጠላ ስም ነበር፤ ለቆሰለው ሰው የጠቀመው ግን ሥራው ነው።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

ሀ. በአጥቢያችን የጤና መድን በምን በምን ስሞች ይጠራል? እያንዳንዱ ስም ምን ያስረዳል፣ ምንስ ይሸፍናል?

ለ. ካለፈው ዓመት አባልነታቸውን ያላደሱ ቤተሰቦች ምክንያታቸው ምንድን ነው? የስም ነው ወይስ የአገልግሎት? ምክንያታቸው የመድኃኒት እጥረት ከሆነ በስብከት እንዳይሸፈን፣ ሰበካ ጉባኤው ለሚመለከተው ክፍል እንዴት ያቅርበው?

ሐ. ከአምስቱ ጥያቄዎች መካከል መልሱን የማናውቀው የትኛው ነው? ማን፣ እስከ መቼ አጣርቶ ያምጣ?

መ. በአጥቢያችን መክፈል የማይችሉ፣ ነገር ግን በቀበሌው ዝርዝር ያልገቡ ቤተሰቦች አሉ? አቅመ ደካሞችንና አረጋውያንን በስም ለይቶ ለማቅረብ ሰበካ ጉባኤውና ዕድሮች እንዴት ይተባበሩ?

ሠ. በውጭ ሀገር የሚኖሩ ልጆቻችን ስለሚኖሩበት ሀገር የሕክምና አሠራር የሚነግሩን ነገር ለእኛ ሁኔታ ምን ያህል ይሠራል?

እነዚህን ጥያቄዎች በአንድ ጉባኤ ለመጨረስ መቸኮል አያስፈልግም። በሁለተኛው ጥያቄ ብቻ እንኳ አንድ ሰዓት ቢወሰድ፣ አባልነቱን ያላደሰው ጎረቤት ለምን እንዳላደሰ ከራሱ አፍ መስማት ከብዙ ንግግር ይጠቅማል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።